ሎሚ፣ ሮማንና ኮረሪማ በጂን ውስጥ፤ በቤት ስለሚዘጋጅ መጠጥ



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ የጓዳ ሥራ እንነጋገራለን። ወደዚህ አገር ከገባችሁ በኋላ በጎረቤት ቤት ወይም በግብዣ ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ቀለም ያለው፣ ሎሚ ሎሚ ወይም ሮማን ሮማን የሚሸት መጠጥ በትንሽ ብርጭቆ ቀርቦላችሁ ይሆናል። ምን እንደሆነ ስትጠይቁ "ቤት የተሠራ ነው" ይሏችኋል። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ እናቶች "እኛ ጠላና ጠጅ ስንጠምቅ፣ አረቄ ስናወጣ የኖርን ሰዎች ይህን መሥራት ያቅተናል ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። አያቅታችሁም። እንዲያውም ከጠላ በጣም ይቀላል፤ ጌሾ የለው፣ ብቅል የለው፣ ጋን ማጠን የለው። ነገር ግን አረቄ ከማውጣት ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ራሱንም እንግዳውንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ ወደ አሠራሩ ከመሄዳችን በፊት እሱን እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ግን ጂን ምን እንደሆነ እንይ። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የመጣችሁ "ደረቅ ጂን" ተብሎ በጠርሙስ ሲሸጥ አይታችሁት ይሆናል። ከገጠር የመጣችሁ ግን ምናልባት እዚህ በሱፐር መደርደሪያ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያያችሁት። ጂን ማለት ከእህል ወይም ከሌላ ነገር የወጣ፣ እንደ ውሃ የጠራ ኃይለኛ አልኮል ሆኖ፣ የጥድ ፍሬ ሽታ እንዲኖረው የተደረገ ነው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ሆላንዶች ጄኔቨር የሚሉት መጠጥ ነበራቸው፤ ትርጉሙ ጥድ ማለት ነው። እንግሊዞች ከእነርሱ ወስደው ስሙን አሳጥረው ጂን አሉት። በ18ኛው መቶ ዘመን ለንደን ውስጥ እጅግ ርካሽ ሆኖ ድሆችን በጣም ስለጎዳ፣ መንግሥት በ1751 ዓ.ም. ሽያጩን የሚያጠብቅ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሷል። መጠጡ ዛሬ የጌቶች ቢመስልም አነሣሡ እንዲህ ነው።

አሁን "ጥድማ እኛ አገር ሞልቶ ነበር" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለጂን የሚሆነው የሌላ ዓይነት፣ ቁመቱ አጭር የሆነ የጥድ ቁጥቋጦ ፍሬ ነው። የሐበሻ ጥድ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። በየግቢውና በየመንገዱ ዳር የተተከለ ጥድ መሳይ ዛፍ ፍሬውን ለቅማችሁ አትዘፍዝፉ፤ ከእነዚህ ውስጥ የሚመርዙ አሉ። የሚፈለገው ፍሬ ደርቆ በቅመም ሱቅ ይሸጣል።

ሌላው ደስ የሚለው ነገር ይኸውላችሁ። ጂን ፋብሪካዎች ከጥዱ ፍሬ ቀጥሎ አብዝተው የሚጨምሩት ቅመም ድንብላል ነው። ከዚያም የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ ሄል፣ ቀረፋ ይከተላሉ። እንግዲህ ጂን ከሚሠራባቸው ቅመሞች ብዙዎቹ በእናንተ ጓዳ፣ በወጥ ቅመም መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንመለስ። አረቄ ስታወጡ ጥንስሱን በእሳት ታፈላላችሁ፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ አልፎ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። አልኮሉን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ዛሬ የምንነግራችሁ ሥራ ግን እሳት የለበትም። ፋብሪካ ሠርቶ ያሸገውን ጂን ገዝታችሁ፣ ፍሬ ወይም ቅመም ውስጡ ዘፍዝፋችሁ፣ ሽታውና ጣዕሙ ሲገባበት አጥልላችሁ ማስቀመጥ ብቻ ነው። አልኮል የሎሚን ልጣጭ ዘይት፣ የቅመምን ሽታ ውሃ ከሚያወጣው እጅግ የበለጠ ያወጣል። ስለዚህ ቅመሙ በውሃ ውስጥ ሳምንት ከሚያድር በጂን ውስጥ አንድ ቀን ቢያድር ይሻላል።

በዚህ አገር ያለ ፈቃድ አረቄ ማውጣትን ሕግ አይፈቅድም። ሕጉን እንተወውና አደጋውን እንመልከት። በአገራችን አረቄ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ነፋስ በሚገባበት ጎጆ ወይም ደጅ ነበር። እዚህ በአራተኛ ፎቅ፣ በጠባብ ማድ ቤት፣ በጋዝ ምድጃ ላይ የአልኮል እንፋሎት ቢወጣ እሳት ከያዘው የአንድ ቤት ጉዳይ አይሆንም፤ የሕንፃው ሁሉ ነው። "ቶሎ እንዲደርስልኝ" ብላችሁ የተዘፈዘፈውንም ጂን በምድጃ ላይ አታሙቁት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሜታኖል የሚባለው ነገር ነው። ሜታኖል ከመጠጥ አልኮል ጋር በመልክም በሽታም ይመሳሰላል፤ ቀምሶ መለየት አይቻልም። ለፋብሪካ ሥራና ለቀለም ማቅጠኛ የሚውል ነው። አንዳንድ ሐሰተኛ ነጋዴዎች ርካሽ ስለሆነ በቮድካና በአረቄ ጠርሙስ ሞልተው ይሸጡታል። ጥቂት ጉንጭ እንኳ ዓይን ሊያጠፋ፣ ሊገድልም ይችላል። በኅዳር ወር 2024 ዓ.ም. ላኦስ በምትባል የእስያ አገር ለጉብኝት የሄዱ 6 የውጭ አገር ሰዎች በዚሁ ምክንያት ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የምትገዙት ጠርሙስ ከታወቀ ሱቅ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ፣ በዕብራይስጥ የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስም የተጻፈበት ይሁን። "የዘመድ ልጅ በፕላስቲክ ጀሪካን ያመጣው"፣ "በገበያ ዳር በግማሽ ዋጋ የተገኘ" አይሁን። ርካሽ ስለሆነ ብላችሁ ከፋርማሲ የቁስል መጥረጊያ አልኮል፣ ከዕቃ ሱቅ ደግሞ የማቃጠያ ስፒርት ገዝታችሁ የምትዘፈዝፉ ከሆነ ለራሳችሁ መርዝ አዘጋጃችሁ ማለት ነው።

የሜታኖል ተንኮሉ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰካራም ይሆናል፤ ይተኛል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ ጭጋግ እንደ ለበሰ ይሆንበታል። ቤተሰብ "ትናንት ስለጠጣ ነው፣ ይተኛ" ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። አትተዉት። 101 ደውላችሁ ማጌን ዳቪድ አዶምን ጥሩ፤ የጠጣበትንም ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ሆስፒታል በጊዜ ከደረሰ መድኃኒት አለው።

ይህን ካልን ዘንድ ወደ ደስ የሚለው ሥራ እንግባ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው በሎሚ እንዲጀምር እንመክራለን። እዚህ ሊሞን የሚባለው በአገራችን ከምናውቀው ትንሽ አረንጓዴ ሎሚ ይለያል፤ ትልቅ፣ ቢጫ፣ ልጣጩ ወፍራም ነው። ለዚህ ሥራም የሚፈለገው ልጣጩ ነው እንጂ ጭማቂው አይደለም። ግማሽ ሊትር ጂን፣ 2 ትልልቅ ሎሚ፣ ሰፊ አፍና ጥብቅ ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃ ይበቃችኋል። ዕቃውን በፈላ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። የሱፐር ሎሚ እንዲያብረቀርቅ ሰም ስለሚቀባ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ፈትጉት። ከጎረቤት ግቢ ዛፍ ከተገኘ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱን ጠይቁ፤ የዛፉ ቅርንጫፍ ወደ መንገድ ስለወጣ ብቻ ፍሬው የመንገደኛ አይሆንም።

ከዚያ በድንች መላጫ ቢጫውን ቆዳ ብቻ ስስ አድርጋችሁ ላጡ። ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል መራራ ነው፤ እሱ ከገባ መጠጡ ሬት ሬት ይላል፤ ኋላ በስኳር ብትሉ በማር አይስተካከልም። ነጭ ተጣብቆ ከመጣ በቢላ ጫፍ ፍቃችሁ አውጡት። ልጣጩን በዕቃው ውስጥ አድርጋችሁ ጂኑን አፍስሱበት፤ ልጣጩ በሙሉ መሸፈን አለበት። ክዳኑን ገጥማችሁ ፀሐይ በማይደርስበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። በቀን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርጉት። ከ24 ሰዓት በኋላ በማንኪያ ቅመሱ። ሽታው በቂ ካልሆነ አንድ ቀን ጨምሩ። በሁለተኛው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል፤ ልጣጩ ነጣ ብሎ ጂኑ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በማጥለያ፣ ቀጥሎም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ወይም በቡና ወረቀት አጥልሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። በጠላ ልማዳችን "ሲቆይ ይጥማል" እንላለን። በዚህ ሥራ እንዲህ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የጥብስ ቅጠል በጂን ዘፍዝፌ ረስቼው ከሳምንት በኋላ ባወጣው የመድኃኒት ሽታ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ጠርሙሱ ሙሉ ተደፋ። የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና ናና ከጥቂት ሰዓት አያልፉም፤ ጠዋት አስገብታችሁ ማታ አውጡ። ከተቻለ በየሰዓቱ ቅመሱ። ደግሞም የጥብስ ቅጠል እዚህ በየመንገዱ ዳር እንደ አጥር ተተክሎ ስለምታዩ ከዚያ አትቁረጡ፤ መድኃኒት ይረጭበታል፣ ውሻም ያልፍበታል። ከሱቅ ግዙ ወይም በቆርቆሮ ተክላችሁ በረንዳ ላይ አሳድጉ።

ትርንጎ ወዳጆችም አላችሁ። ከሱኮት በዓል በኋላ የተባረከበትን ኤትሮግ መጣል ስለሚከብድ ብዙ ቤተሰብ ማርማላታ ወይም መጠጥ ያደርገዋል፤ ሽታውም ከሎሚ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ለበዓል የሚሸጥ ኤትሮግ ቆዳው እንከን እንዳይኖረው ተብሎ ከሌላው ፍሬ አብዝቶ ፀረ ተባይ ይረጭበታል። ያ መድኃኒት የሚቀረው ቆዳው ላይ ነው፤ አልኮልም የሚያወጣው በቆዳው ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ያልተረጨ መሆኑን ካላወቃችሁ በቤቱ ለሽታ አስቀምጡት እንጂ በጂን አትዘፍዝፉት።

ወደ ሮማን እንሂድ። በመስከረምና በጥቅምት ወር በሹክ ሞልቶ ስለሚረክስ ለበዓል እንግዳ በጊዜው ለማድረስ ይመቻል። ከ2 ሮማን ፍሬውን ፈልፍሉ፤ ቢጫውን ስስ ገለፈት አስወግዱ፤ እሱም መራራ ነው። ፍሬውን በማንኪያ ጀርባ ትንሽ ጫን አድርጋችሁ ግማሽ ሊትር ጂን አፍስሱበትና ከ5 እስከ 7 ቀን ተዉት። ቀይ ቀለሙ ያምራል፤ በብርሃን ከተቀመጠ ግን ቡናማ ይሆናል። በክረምት ደግሞ እንጆሪ፣ እዚህ ቱት የሚሉት፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይሟሟና ይደፈርሳል። እንጆሪ በሚገባ ይታጠብ፤ ቅጠሉ ሥር ነፍሳት ይደበቃሉ።

ከቅመሙ ወገን ኮረሪማን እናስቀድም፤ ምክንያቱም ይህን የምትሠሩ እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ፤ ጎረቤታችሁም "ይሄ ምን ይሆን?" ሳይል አይቀርም። 3 ወይም 4 ኮረሪማ ፈልፍላችሁ ፍሬውን ሰንጠቅ አድርጉት፤ አትፍጩት፤ የተፈጨ ቅመም መጠጡን ያደፈርሳል፣ በማጥለያም አይያዝም። አንድ ቀን ይበቃዋል። ከአንድ ቁራጭ ዝንጅብል ጋር ይስማማል። ቅርንፉድ ግን ኃይለኛ ስለሆነ ከ2 ፍሬ አታሳልፉ። ቃሪያም የሚዘፈዝፉ አሉ፤ ለሚወደው ሰው ግማሽ ሰዓት በቂ ነው።

ጂን ከተወደደባችሁ በቮድካም ይሆናል። በግማሽ ሊትር ቮድካ አንድ የሾርባ ማንኪያ የደረቀ የጥድ ፍሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላልና አንድ ቁራጭ የሎሚ ልጣጭ አድርጋችሁ አንድ ቀን ተኩል ብታቆዩት ራሱ ጂን ይሆንላችኋል። ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ነጭ ሳይሆን ቢጫ ይሆናል፤ ያ ስህተት አይደለም።

እንዲጣፍጥ የምትፈልጉ ስኳሩን ካጠለላችሁ በኋላ ጨምሩ። አንድ ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልታችሁ በደንብ ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ከእሱ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ ቅመሱ። እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ግማሽ ሊትር ጂን 40 በመቶ ከሆነ ውስጡ 200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። 150 ሚሊ ሊትር የስኳር ውሃ ብትጨምሩበት መጠኑ 650 ይሆናል፤ አልኮሉ ያው 200 ነው፤ 31 በመቶ ያህል ማለት ነው። ምላስ ግን ጣፋጭነቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚህ መጠጥ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ብርጭቆ ከአንድ ትንሽ ጠርሙስ ቢራ ጋር የተቀራረበ አልኮል አላት። እንግዳችሁ ሦስት ከጠጣ ሦስት ቢራ ጠጥቷል፤ ይህን ሳያውቅ ወደ መኪናው ቢሄድስ? በተለይ መንጃ ፈቃድ በቅርብ ያገኙ አሽከርካሪዎችና ዕድሜያቸው ከ24 ዓመት በታች የሆኑ ለዚህ አገር ፖሊስ ምንም ያህል ትንሽ ቢጠጡ አይታለፉም። ስለዚህ ስታቀርቡ "ጭማቂ ቢመስላችሁም ጂን ነው" ብላችሁ አስታውቁ።

የማይገቡትን ነገሮች በአጭሩ እንንገራችሁ። ጤና አዳም፣ እዚህ ሩዳ የሚባለው፣ ብዙዎቻችሁ በቡና ትወዱታላችሁ። በቡና ቅጠሉ ነካ ተደርጎ ይወጣል፤ በአልኮል ውስጥ ቀናት ቢቆይ ግን ኃይሉ ሁሉ ይወጣል፤ ይህም በተለይ ለነፍሰ ጡር እጅግ አደገኛ ነው። አታስገቡት። ሃርዱፍ የሚባለው በየመንገዱ ዳር ሮዝና ነጭ አበባ የሚያወጣው ቁጥቋጦ ቅጠሉም አበባውም መርዝ ነው፤ ለማስጌጥ እንኳ ወደ ብርጭቆ አይቅረብ። የሚሽሚሽና የኮክ ፍሬ ውስጥ ያለውን መራራ ለውዝ መሳይ ነገር አትሰንጥቁ፤ መርዝ ያወጣል። የአበባ ሱቅ አበባም ለመብል የተዘጋጀ አይደለም። አሽኮሊት የተባለውን ትልቅ ፍሬ የሚዘፈዝፉ አሉ፤ ከአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር ስለማይስማማ መድኃኒት የምትወስዱ ሽማግሌዎችና እናቶች በኩፓት ሖሊም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በመድኃኒት ላይ አልኮል ራሱ እንደማይጨመርም በዚያው ይነግሯችኋል።

ፋሲካን ለምታከብሩ፦ ጂን ብዙ ጊዜ ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከአጃ ስለሚወጣ ሐሜጽ ነው፤ በቤት የዘፈዘፋችሁትም እንደዚያው። በጠርሙሱ ላይ ለፔሳሕ የተፈቀደ መሆኑ ካልተጻፈ ከሌላው ሐሜጽ ጋር ይታያል። ስለዚህ በመጋቢት ወር ብዙ አዘጋጅታችሁ እንዳትከስሩ።

ስለ አቀማመጡ። የልጣጭና የቅመሙ በጠርሙስ ታሽጎ በጨለማ ቦታ ወራት ይቆያል። የፍራፍሬውና ስኳር የገባበት በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ በአንድ ወር ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ካረፋ ወይም ከሻገተ ይደፋ። በጠርሙሱ ላይ በአማርኛም በዕብራይስጥም "አልኮል" ብላችሁ ቀኑንም ጽፋችሁ ለጥፉ። በኮካ ኮላ ወይም በጭማቂ ጠርሙስ ፈጽሞ አትገልብጡት። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ጠምተው ሲገቡ ማቀዝቀዣውን ከፍተው ቀይ ነገር ካዩ የሮማን ጭማቂ ነው ብለው ይጠጡታል፤ ለትንሽ ልጅ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ሆስፒታል የሚያስገባ ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ አያቶች በቤት ካሉም በቃል ንገሯቸው። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ "ቤት የተሠራ ነው፣ ትንሽ ቅመስ" ተብሎም ቢሆን አይሰጥም።

በመጨረሻም ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ "የተዘፈዘፈውን ሮማንና እንጆሪ መጣል ያሳዝነናል፤ ምን እናድርገው?" የሚል። ፍሬው ጂኑን ስለጠጣ እንደ ጂኑ ያሰክራል። አዋቂዎች በኬክ ላይ ወይም በአይስክሬም ላይ ጥቂት ጨምረው ሊበሉት ይችላሉ። ለልጆች አይሰጥም፣ ለዶሮና ለውሻም አይደፋም። የማትበሉት ከሆነ በከረጢት አስራችሁ ጣሉት። የሎሚውን ልጣጭ ግን በስኳር ውሃ ብትቀቅሉትና ብታደርቁት ከቡና ጋር የሚቀርብ ጣፋጭ ይሆናል፤ በሚቀቀልበት ጊዜ መስኮቱን ክፈቱ፣ መጀመሪያም በውሃ በደንብ አለቅልቁት።